ያለ ቃል የተደረደረ በገና

በመተማ ቆላ የአባቴን የአዛናውን በገና የሰሙ ሰዎች፣ የግራ እጁ ጣቶች ከቀኙ ይረዝሙ ነበር እያሉ ያወራሉ። ውሸት ነው። እናቴ አገኘሽ በፈትል ለክታ እኩል መሆናቸውን አረጋግጣለች። ልዩነቱ ቆዳቸው ላይ ነበር። መዳፎቹ እንደ ማንኛውም ገበሬ በመጥረቢያና በዶማ እጀታ የደደሩ ናቸው፤ የግራ ጣቶቹ ጫፍ ግን ከዚያ አልፎ እንደ ፍየል ሰኮና ጠንክሯል። ሕፃን ሆኜ ጉንጬን ሲዳብሰኝ ይቧጭረኝ ነበር። ዛሬም ያንን መቧጨር አንዳንዴ ፊቴ ላይ ይሰማኛል።

መንደራችን ከመተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነች። ማሽላና ሰሊጥ የሚዘሩት ሰዎቿ አብዛኞቹ ከደምቢያ የወረዱ ናቸው። ሲወርዱ ይዘውት ከመጡት ዕቃ ሁሉ አብልጠው የሚያከብሩት አንድ በገና ነበር። በገናው የማንም የግል አልነበረም፤ የቅዱስ ገብርኤል ማኅበር ነው። ሕጉም አጭር ነው። በገናውን ቤቱ የሚያኖረው ከማኅበርተኞቹ መካከል አውታርና ቃል አንድ ላይ ማስኬድ የሚችል ሰው ነው። ማስኬድ ያቃተው ቀን ለሚችለው ያስረክባል። አባቴ በሃያ ሁለት ዓመቱ ተረከበ፤ ይህ ነገር ሲሆንም ዐሥራ አራት ዓመት ይዞት ነበር።

በገና እንደ ክራር ለጭፈራ አይነሣም። ቁመቱ የተቀመጠ ሰው ራስ ያልፋል። ዐሥሩ አውታሮቹ ከበግ አንጀት የተገመዱ ናቸው፤ ድምፁም ከጉሮሮ ሳይሆን ከመሬት ሥር የሚወጣ ይመስላል። ያንን ንዝረት የሚሰጡት እንዚራ የሚባሉት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ናቸው። አውታሩ ብርኩማ በሚባለው ድጋፍ ላይ በሚያርፍበት ቦታ ከሥሩ ይገባሉ። እንዚራው አንዲት ፀጉር ያህል ከቦታው ከተንሸራተተ አውታሩ ንብነቱ ይቀርና ዝንብ ይሆናል። አባቴ ዐሥሩን እንዚራ ለማስተካከል አንድ ጧት ሙሉ ይፈጅ ነበር። እናቴ በዚያን ሰዓት ቢጠሯትም አትመልስም፤ እንግዳ ቢመጣም ደጅ ያስቀምጡታል።

በ1929 ዓ.ም. ክረምት አባቴን ሳል ያዘው። ጣልያን መተማ ላይ ሰፍሮ ሐኪምም አምጥቶ ነበር፤ አባቴ ግን ከጠላት ሰፈር መድኃኒት አልለምንም አለ። ጎረቤቶች አፉን አስከፍተው አዩና "እንጥሉ ወርዷል" ብለው ፈረዱ። ወጌሻ መጣ፣ እንጥሉን ቆረጠ። ያን ጊዜ ይህ እንደ ጥርስ መንቀል የሚቆጠር ነገር ነበር። ቁስሉ ግን አመረቀዘ። ሦስት ሳምንት አጥሚት ብቻ እየጠጣ ተኛ። ሲነሣ ድምፁ አብሮት አልተነሣም። የቀረው በደረቅ ቅጠል ላይ እንደሚሄድ እባብ ያለ ሹክሹክታ ነበር።

እናቴ ወጌሻውን አልረገመችም። "ጌታ ጉሮሮውን ወሰደ" አለች፣ "እጁን አልወሰደም።"

ለማኅበሩ ግን ይህ በቂ አልነበረም። የ1930 ዓቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የማኅበሩ አለቃ መምሬ ፈረደ ሰዎቹን በሮቃው ዛፍ ሥር ሰበሰቡ። መምሬ ፈረደ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይልቁንም አባቴን ይወዱት ነበር፤ ለዚህም ይሆናል ዓይን ዓይኑን እያዩ መናገር ያቃታቸው።

"አዛናው፣ እኔ ልቀማህ አልመጣሁም። ሕጉ ነው የመጣብህ።"

አባቴ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታው መለሰ፦ "ልደርድር አባ። ያለ ቃል ልደርድርና ስሙኝ።"

"ድርደራ መግቢያ ነው። ሰው በር ላይ ቆሞ ቤት ገባሁ ይላል?"

"በሩ ከቤቱ ከሰፋስ?"

"እንዲህ ያለ ቤት አላየሁም" አሉ መምሬ። "ደግሞስ ቃል ከሌለው ጸሎት ይሁን ዘፈን በምን እናውቃለን? አውታር እንደሆነ ለሁሉም ይጮሃል።"

በገናውን ይረከባል የተባለው ያረጋል ይባላል። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ እዚያው አግብቶ የቀረ፣ የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ ነው። ድምፁ የተመሰከረለት ነበር። ሲያዜም ላም ማመንዠክ ታቆማለች ይሉ ነበር። አውታሩን ግን ገና መንካቱ ነው።

"ጋሼ አዛናው አይዘኑ" አለ ያረጋል ደረቱን ነፍቶ። "ለበገናው ቃል አላሳንስበትም።"

"ቃልስ ሞልቶሃል" አሉት አቶ ጀምበሩ፣ ከማኅበሩ ሽማግሌዎች ሁሉ አፈኛው። "የቸገረህ ጣት ነው! አንተ ስትደረድር የሰማሁ ቀን ዶሮ ጥሬ የምትለቅም መስሎኝ 'እሽ' ብዬ ነበር።"

ሰው ሳቀ፤ ያረጋል ቀላ። መምሬ ፈረደ ግን ሳቁ ሳይበርድ ወሰኑ። አባቴ እስከ ሆሣዕና ይቆያል። በሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ፣ በዚያው ሮቃ ሥር፣ ያለ ቃል ብቻውን ይደረድራል። ማኅበሩ ጸሎት ሰማሁ ካለ በገናው እሱ ዘንድ ይቀራል፤ ካላለ ያረጋል እዚያው ተረክቦ ይሄዳል።

አባቴ ቤት ሲገባ ዓይኖቹ በርተው ነበር ትላለች እናቴ። የተሸነፈ ሰው ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበር።

ከበገና ደርዳሪዎች ሌላ አባቴ የሚያከብረው አንድ ባለአውታር ብቻ ነበር፤ እሱም የመተማው ሥጋ ሻጭ ሐሚድ ነው። ሐሚድ እናቱ ከገዳሪፍ ናት። ጠምቡራ የሚባለውን፣ አምስት አውታር ያለውን የሱዳኖች ክራር ይመታል። ገበያ ሲበተን ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ሲጀምር ግመል ነጂዎቹ ጭነታቸውን ይረሱ ነበር። አባቴ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ገበያ ሲወርድ ችግሩን ነገረው።

"ያ ዞል፣ አንተ ሰው!" አለ ሐሚድ። "እኔ ስመታ ማንም 'ቃሉ የት አለ' ብሎኝ አያውቅም። ወላሂ፣ አንዳንዱማ ያለቅሳል።"

"እንዴት ታደርገዋለህ?"

"እጄን እየው፤ ፊቴን አትይ።"

አባቴ አየ። የሐሚድ ቀኝ እጅ በቆዳ ቁራጭ አምስቱንም አውታር ባንድ ጊዜ ይገርፋል። ከኋላ የግራ ጣቶቹ የማይፈለጉትን አውታሮች ነካ አድርገው ያፍኗቸዋል፤ ያልታፈነው ብቻ ይጮሃል።

"ሰው እኔ የምመታውን ይሰማል" አለ ሐሚድ። "እኔ ግን የምሠራው የምይዘውን ነው። የማትፈልገውን ከያዝከው የምትፈልገው ራሱ ይወጣል። ኸላስ፣ በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።"

የደምቢያ ደርዳሪዎች የሚያውቁት የግራ ጣቶችን ነው። አውራ ጣትና ጠቋሚ፣ መሐልና ቀለበት፣ ትንሿም ሳትቀር የየራሳቸው አውታር አላቸው። ጣቱ አንዱን አውታር ቆንጥሮ ሲለቅ የሚቀጥለው ላይ ያርፋል፤ ማረፊያ እንጂ መናገሪያ ያልሆኑ አውታሮች ለዚህ ነው ያሉት። ቀኝ እጅ በገናውን ይደግፋል። ባለዜማው የሚተነፍሰው ጣት በሚናገርበት ነው፤ ጣቱም የሚያርፈው ባለዜማው ሲናገር ነው። አባቴ አሁን የሚሸፍነው ቃል አልነበረውም። ያረፈች ጣት ሁሉ እንደ ባዶ ሞሰብ ትታያለች።

ስለዚህ ቀኝ እጁን ከሥራ ፈትነት አወጣው። በገናውን በጉልበቱና በትከሻው መካከል አጣብቆ ያዘውና ቀኙን ለአውታር ነፃ አደረገ። ከቀንድ ቀርፎ ትንሽ መምቻ ሠራ። ወፍራሞቹን አውታሮች በግራ አውራ ጣቱ እንደ እርምጃ ቀስ እያለ ያስኬዳቸዋል፤ ዜማውን በጠቋሚና በመሐል ጣቱ ከላያቸው ያነሣዋል። አንዱ ገና እየነዘረ ሌላው ይገባል። ያፍነው ዘንድ የሚገባውን በጣቱ ሥጋ ነካ አድርጎ ያስተኛዋል። አንዳንዴ የቀኝ ጣቱን ሳይጫን ልክ በአውታሩ መሐል ላይ አስነክቶ በግራው ይቆነጥራል። ያን ጊዜ ያ ጎርናና አውታር ከራሱ ከፍ ያለ፣ የሕፃን ጥሪ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ሌላ ጊዜ ደግሞ በአውራ ጣቱ ጎን ገበቴ በሚሉት የድምፅ ሣጥን ላይ የተወጠረውን ቆዳ መታ ያደርገዋል፤ ይህ ደረት ሲደቃ የሚሰማ ድምፅ ነው። በጥፍር የተቆነጠረው ይናገራል፣ በሥጋ የተቆነጠረው ያስባል። ይህ የመጨረሻው አነጋገር የራሱ የአባቴ ነው፤ በሹክሹክታ ሲለው ሰምቼዋለሁ።

ፈታኙ እናቴ ነበረች። ሰሊጥ እያበጠረች ትሰማዋለች፤ እሱ ደርድሮ ያቆምና ይጠይቃታል።

"ይህ ምን አለ?"

"ሆዱን የቆረጠው ሰው።"

እንደገና ይጀምራል።

"አሁንስ?"

"አሁን ተሽሎታል። ግን ገበያ የሚሄድ ይመስላል እንጂ ንስሐ የሚገባ አይመስልም።"

"አንቺ ሴት ትገድይኛለሽ።"

"አንቱ ነዎት የጠየቁኝ።"

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ሲያቆም ምንም አልመለሰችም። ዞር ብሎ ሲያያት ወንፊቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቃሉን እያለችው ነበር፤ ከደምቢያ ሲወርዱ የመጣውን የማኅበሩን የሕማማት ልመና፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። አባቴ ያን ቀን ምሳ በልቶ ተኛ፤ ሌላ ቀን በዚያ ሰዓት ተኝቶ አያውቅም።

እንግዲህ ስሕተቱ የመጣው ከዚህ ኩራት ነው።

የደምቢያ ሰው በገናውን ቃኝቶ ይሰቅላል። የላላ በገና የተኛ ካህን ነው ይላሉ እዚያ፤ በብርዱ አገር ደግ ነው። ቆላ ላይ ግን የቀትር ሙቀት አንጀቱን ያደርቀዋል፤ ይሰበሰባል፣ ይወጠራል። ለዚህም አባቴ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከቀትር በፊት አውታሮቹን ሁሉ አላልቶ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መልሶ ይቃኝ ነበር። በሆሣዕና ዋዜማ ሳምንት ግን ከዚያ በፊት ያላገኘው ቅኝት መጣለት። እያንዳንዱ እንዚራ ቦታውን ይዞ፣ ዐሥሩም እንደ አንድ ቤተሰብ ተስማሙለት። ቢያላላው መልሶ የማያገኘው መሰለው። ዓርብ ዕለት እንደ ተቃኘ ሰቀለው።

በስድስት ሰዓት ጥይት የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ጎረቤቶች ጣልያን ተኮሰ ብለው መሬት ላይ ተኙ። አቶ ጀምበሩ ማሽላ ጎተራቸው ሥር ገብተው "ስንት ናቸው?" እያሉ ይጠይቁ ነበር። አንድ ብቻ ነበር። የተበጠሰው ወፍራሙ አውታር ነው፤ ድርደራው ሁሉ የቆመበት ምሰሶ።

ትርፍ አውታር አባቴ ከቅበላ በፊት ገምዶ አስቀምጦ ነበር። ከሳጥኑ ሲያወጣው አይጥ እንደ ፈትል ቆራርጦታል። ሌላ ከየት ይመጣል? በገና የሚደረደረው በጾም ነው፤ በጾም ደግሞ ክርስቲያን አያርድም። ከቅበላ ወዲህ ወደ ሃምሳ ቀን ገደማ በመንደሪቱ የፈሰሰ የበግ ደም አልነበረም። የጎረቤት መንደርም እንዲሁ ነው።

አባቴ ዱላውን አንሥቶ ወደ መተማ ገሠገሠ። ሐሚድ ለጁምዓ ሁለት በግ አርዶ ሥጋውን ጨርሶ ሱቁን ሲያጥብ ደረሰ።

"ሐሚድ፣ አንጀት ስጠኝ።"

"ያ ዞል፣ ጾም ላይ ነህ ብዬ!"

"ልበላው አይደለም። ወፍራሙ ተበጥሷል።"

ሐሚድ መጥረጊያውን ጣለ። "ለእሑዱ?"

"ለእሑዱ።"

ሐሚድ ወደ ጓሮ ገባና የሁለቱንም በጎች አንጀት በቅል ውኃ ይዞ ወጣ። ከዚያ ቆም ብሎ አባቴን አየው። "የኔ ቢላዋ ያረደው ነው። ሰዎችህ ቢያውቁ እሺ ይሉሃል?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው እኔ አልሰጠሁህም፤ አንተም አልመጣህም። ውሻ ይዞት ሄደ እንበል።"

አባቴ ሳቀ፤ ሳቁም ትንፋሽ ብቻ ነበር። ቅሉን ተሸክሞ ተመለሰ።

እናቴም የተናገረችው ከሐሚድ ብዙ አይርቅም። "አውታርን ሃይማኖቱን ማን ይጠይቀዋል? ዝም ይበሉ።"

"ዝም ብዬ ብረታ የረታሁት ሰውን ነው። የምደረድረው ለማን ነው?"

"ቢነግሯቸውስ ሳይሰሙዎት ይቀሙዎታል!"

"ይቀሙኛ" አለ አባቴ። ግን ፊቱ ጠቁሮ ነበር ትላለች። ከጉሮሮው ይልቅ ያን ቀን ነው የፈራሁለት ትላለች።

ዓርብ ማታውኑ አንጀቱን ፍቀው፣ አጥበው፣ ሦስቱን ባንድ ገምደው በሁለት ዛፍ መካከል ወጠሩት፤ ድንጋይም አንጠለጠሉበት። ደምቢያ ቢሆን ሳምንት ይፈልግ ነበር። ያ አውታሩን የበጠሰ ሙቀት ግን ቅዳሜ በዐሥር ሰዓት አዲሱን አድርቆ አስረከበው። አዲስ አንጀት ግን ዕዳ አለው። ይለጠጣል። በትክክል ተቃኝቶ ጥቂት ቀን ሳይሰነብት እምነት አይጣልበትም፤ አባቴ ግን አንድ ሌሊት ብቻ ነበረው።

እሑድ ሰው ሁሉ የዘንባባ ቀለበት በጣቱ አስሮ በሮቃው ሥር ተሰበሰበ። ለስብሰባው ከጣልያን ሰፈር ፈቃድ ተጠይቆ ስለነበር አንድ ባንዳ ጠመንጃውን ይዞ ዳር ተቀመጠ፤ የሚዜመውን ቃል ሰምቶ እንዲያወራ ታዞ የመጣ ነው። ያረጋል አዲስ ጋቢ ለብሶ ከመምሬ ፈረደ ቀኝ ተቀምጧል። ሐሚድም መጥቷል። ከሰው ራቅ ብሎ፣ መርኩብ ጫማውን አውልቆ፣ በቅሎው አጠገብ ቆሟል።

አባቴ በገናውን ከመያዙ በፊት ወደ መምሬ ጆሮ ጠጋ አለና ተናገረ። መምሬ ፈረደ ፊታቸውን አኮማትረው ሰሙ። ከዚያ ሰው እንዲሰማ ደገሙት፦

"ወፍራሙ አውታር አዲስ ነው ይላል። ከሐሚድ እርድ ነው ይላል።"

ጉርምርምታ ሆነ። አቶ ጀምበሩ ብድግ አሉ። "ይህ በገና ከደምቢያ በካህን ጫንቃ የወረደ ነው! በእስላም እርድ? በሆሣዕና?"

መምሬ ፈረደ ወደ አቶ ጀምበሩ እጅ እያመለከቱ "ጀምበሩ፣ ያ የያዝከው ጅራፍ ከምንድን ነው?" አሉ።

"ከጠፍር ነዋ።"

"ከብቱን ማን አረደው?"

አቶ ጀምበሩ ጅራፉን አዩ። "ከመተማ ገበያ ነው የገዛሁት…"

"እንግዲያው በሬዎችህ ሁሉ ሰልመዋል!"

ሳቁ እስከ ባንዳው ደረሰ። መምሬ እጃቸውን አነሡ። "ጅማት አይበላም። የሚበላ ነገር ቢሆን እኔው እከለክል ነበር። የነገረን እሱ ነው፤ ባይነግረን ኖሮ ግን በገናውን ዛሬውኑ እወስድበት ነበር።" ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። "ይህን ያልኩት ስለ ጅማቱ ነው። ስለ ቃሉ ገና ነው። በል ጀምር።"

አባቴ ተቀመጠ። በገናውን በጉልበቱና በትከሻው አጣበቀ። መጀመሪያ አውራ ጣቱ ብቻ ወጣች፤ አንድ፣ ሁለት፣ እንደ ሽማግሌ እርምጃ። ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የልመናው መግቢያ ነው። ብዙዎቹ የሰው ድምፅ የሚገባበትን ቦታ ጠብቀው ትንፋሻቸውን ያዙ። ቦታው ደረሰ። ጠቋሚ ጣቱ ገባች። በጥፍር። ያረጋል ቀና አለ።

ለጥቂት ጊዜ ያማረ ድርደራ ብቻ ነበር። ሰው ጣቶቹን ያያል፣ ያደንቃል፤ ማድነቅ ደግሞ ጸሎት አይደለም። አባቴም ያውቀዋል። ቀኝ እጁ ሁሉንም አውታሮች ገረፈና ግራው ከአንዱ በቀር ሁሉንም አፈናቸው፤ ያ አንዱ ብቻውን ቀርቶ ነዘረ። እንደገና ገረፈ፣ ሌላ አንድ ቀረ። ሐሚድ ከሩቅ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ያ የሕፃን ጥሪ የሚመስለው ቀጭን ድምፅ ከላይ መጣ፤ ከታች የገበቴው ቆዳ መታ፣ መታ አለ። ከሴቶቹ መካከል አንዷ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

በልመናው ሦስተኛ ቤት ላይ አዲሱ አውታር መላላት ጀመረ።

በገና የሚያውቅ ሁሉ ሰማው። ባለዜማ እንዲህ ሲያጋጥመው ቃሉን ጮክ አድርጎ እየዘለቀ በዚያ ሽፋን አውታሩን ያጠብቃል። አባቴ የሚጮህበት አልነበረውም። ቢያቆም ተሸነፈ፤ ቢቀጥል ምሰሶው ዘሟል። እናቴ መሬት አየች።

አባቴ ግን አልሸሸውም። የሚወርደውን አውታር ደጋግሞ ቆነጠረው፤ ይውረድ ብሎ ለቀቀው። በእያንዳንዱ ምት አንዲት ፀጉር ያህል ዝቅ ይላል፤ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚወርድ ሰው ድምፅ። ቀኝ እጁ አውታሮቹ ከላይ ወደሚታሰሩበት ቀንበር ወጣች፤ መቃኛውን ያዘች። ሰው አሁን ያጠብቀዋል ብሎ ሲጠብቅ፣ ይባስ ብሎ አላላው። አውታሩ እስከ ታች፣ ድምፅ መሆኑ ቀርቶ በተቀመጡበት መሬት መንዘር እስኪሆን ድረስ ወረደ። እዚያ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ግራው እየቆነጠረ ቀኙ መቃኛውን ማዞር ጀመረ። አውታሩ ቀስ እያለ፣ እየተቃተተ ወጣ፤ ወጣና ከወንድሞቹ ጋር ገጠመ። በገጠመበትም ቅጽበት ዐሥሩን አንድ ላይ መታቸው።

ልመናውን ጨረሰ። እጁን ከአውታሩ ላይ አነሣ፤ ንዝረቱም ራሱ እስኪያልቅ ጠበቀ።

 የባንዳው ጠመንጃ ከጭኑ ተንሸራትቶ ሣር ላይ ነበር፤ አላነሣውም። መምሬ ፈረደ መስቀላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ።  በመጨረሻ ወደ ያረጋል ዞሩ።

"አንተ ነህ የምትረከበው። ቃሉን ከሁላችን አንተ ታውቃለህ። ጎድሎታል?"

ያረጋል ለመዋሸት የሚያበቃ ምክንያት ነበረው። በገናው አንድ ቃል ብቻ ይርቀው ነበር።

"አልጎደለውም አባ" አለ። "በልቤ አብሬው እያልሁ ነበር፤ ሁሉንም ሰማሁት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እኔ የማላውቀው ቃል ጨምሯል።"

"የቱ ላይ?"

"አውታሩ የወረደበት ላይ።"

አባቴ ሹክ አለ፤ ጸጥታ ስለ ነበር ሁሉም ሰማው። "እኔም እስከ ዛሬ አላውቀውም ነበር።"

መምሬ ፈረደ ተነሡ። መስቀላቸውን በበገናው ቀንበር ላይ አሳረፉና "ይዞት ይግባ" አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲሉ ጾም መሆኑ ትዝ አላቸው፤ ግማሹ እልልታ አፋቸው ውስጥ ቀረ። አቶ ጀምበሩ ጅራፋቸውን ከኋላቸው ደብቀው ወደ ሐሚድ ሄዱና "የሚቀጥለውን በግ ስታርድ አንጀቱን እንዳትጣል" አሉት። ሐሚድም "አሁን እናንተም ደንበኞቼ ናችሁ" አላቸው።

ባንዳው ለአለቆቹ ምን እንዳወራ አይታወቅም። የሚያወራው ቃል አልነበረም።

ሰው ሲበተን ያረጋል ወደ አባቴ ቀረበ። አዲሱን ጋቢ አውልቆ ክንዱ ላይ አጥፎታል።

"ጋሼ አዛናው፣ ልማር ልምጣ?"

አባቴ ከላይ እስከ ታች አየው። "ና" አለው። "አፍህን እቤት ትተኸው ና።"

ያረጋል ሦስት ዓመት መጣ። በመጀመሪያው ዓመት አባቴ እንዚራ ከማስተካከል በቀር ምንም አላስነካውም። በሁለተኛው አምስቱን ጣት ሰጠው። በሦስተኛው ቀኝ እጁን ፈታለት። በ1933 ዓ.ም. ጣልያን መተማን ለቅቆ በሄደ በወሩ ጾሙ ገባ፤ ማኅበሩም ያለ ማንም ፈቃድ በሮቃው ሥር ተሰበሰበ። ያን ቀን ያለ ቃል የደረደረው ያረጋል ነበር። አባቴ ከሰው መካከል እግሩን አጣጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማው። ሲያልቅ እንደማያውቀው ሰው ፊቱን ቀና አድርጎ፣ በዚያ በሹክሹክታው፣

"አንተ ጎልማሳ፣ ይህን ማን አስተማረህ?" አለው።

ያረጋል ከተቀመጠበት ተነሣ። ላም ማመንዠክ ያስቆማል በተባለለት በዚያ ድምፁ፣ ሦስት ዓመት በቁጠባ በያዘው፣ "አዛናው ቸኮል!" ብሎ የአባቴን ስም ከነአባቱ ጠራ።